«ተነግሯት ተስማምታለች»፦ በማሳደጊያና በአደራ ቤተሰብ ስላሉ ልጆች ግልጽ ደብዳቤ

ለሴቶችና ማህበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ በየክልሉና በየከተማው ላላችሁ ቢሮዎች፣ ለማሳደጊያ ኃላፊዎችና ለሶሻል ወርከሮች፣ እንደኔ ልጅ በአደራ ተቀብላችሁ ለምታሳድጉም ሁሉ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ ከ7 ዓመቴ እስከ 18 ዓመቴ ማሳደጊያ ውስጥ ነው ያደግኩት፣ ያውም ሁለት ማሳደጊያ። አሁን 34 ዓመቴ ነው፣ ስራ አለኝ፣ ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደሞ አንዲት የ9 ዓመት ልጅ በአደራ ቤተሰብነት ተቀብዬ እያሳደግኩ ነው። ስለዚህ ይሄን የምፅፈው በሁለቱም በኩል ቆሜ ስላየሁት ነው። ማንንም ለመክሰስ አይደለም፣ ያሳደጉኝ ሰዎች አብልተውኛል፣ አስተምረውኛል፣ ስታመም ሌሊት ተሸክመው ሃኪም ቤት ወስደውኛል፣ ይሄን እስክሞት አልረሳም። አንድ ነገር ግን አላደረጉም። ጠይቀውኝ አያውቁም።

እናታችን ስትሞት እኔ 7 ወንድሜ 4 ዓመቱ ነበር። አባታችን ከሷ በፊት ነው የሞተው። ያኔ የኤችአይቪ መድኃኒት እዚህ ሀገር በነፃ መሰጠት አልጀመረም ነበር፣ በየሰፈሩ እንደኛ የቀረ ልጅ ብዙ ነው፣ ጎረቤት ትንሽ ጊዜ አቆየን፣ ከዛ ቀበሌ ማሳደጊያ አስገባን። አብረን ስለሆንን ምንም አልመሰለኝም። ማታ ማታ የትንንሾቹ ክፍል ድረስ ሄጄ ብርድ ልብሱን አልብሼው ነው የምተኛው።

10 ዓመት ሲሆነኝ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሞግዚታችን ፀጉሬን ሰራችኝ፣ የበዓል ቀሚሴን አለበሰችኝ፣ «ዛሬ ሽርሽር ነው የምትሄዱት» አለችኝ። እኔና ሌሎች ሦስት ሴቶች ልጆች ነን። ወንድሜ በሩ ጋ ቆሞ ያለቅሳል፣ ትንንሾች አይሄዱም ተባለ፣ እኔም ብስኩት አመጣልሃለሁ ብዬው መኪናው ውስጥ ገባሁ። መንገዱን ሁሉ እየዘፈንን ነው የሄድነው። መኪናው አንድ የማላውቀው ግቢ ገብቶ ሲቆም ሹፌሩ ወርዶ ከኋላ አራት ፌስታል አወጣ። የኔን ፌስታል አወቅኩት፣ ምክንያቱም የክረምት ቦቲዬ ጫፉ ወጥቶ ይታያል። ለሽርሽር ቦቲ ይዞ የሚሄድ የለም አይደል? እዛ ጋ ነው የገባኝ። ማንም ምንም ሳይለኝ ቦቲዬ ነገረኝ።

ምክንያት እኮ ነበራቸው። ኋላ ላይ እንደሰማሁት የነበርንበት ቤት ከ10 ዓመት በላይ የሆኑ ሴቶችን የሚያስተኛበት የተለየ ክፍል አልነበረውም፣ የሄድኩበት ደሞ የሴቶች ብቻ ነው። ምክንያቱ መጥፎ አይደለም። ቢነግሩኝ አለቅስ ነበር፣ እርግጠኛ ነኝ፣ ግን ከወንድሜ ጋር ተሰነባብቼ ነበር የምሄደው፣ የት እንደምሄድ እነግረው ነበር፣ በወር አንዴ አምጡኝ ብዬ እለምናቸው ነበር፣ ምናልባት እሺ ይሉኝም ነበር። እኔ ሽርሽር ብዬው ሄጄ ቀረሁ። ያን ጊዜ ከማሳደጊያ ልጅ ከጠፋ ሁሉም የሚያስበው አንድ ነገር ነው፣ በጉዲፈቻ ውጪ ሄደች። ወንድሜም ትላልቆቹ ልጆች እህትህ አሜሪካ ገብታለች ብለውት እሱን ይዞ ነው ያደገው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እሱንም ወደ ሌላ ከተማ አዛወሩት። ስንገናኝ እኔ 19 ዓመቴ ነው፣ እሱ 16። የመጀመሪያ ጥያቄው «ለምን ደብዳቤ እንኳን አልፃፍሽልኝም?» ነበር። አንድ ሀገር ውስጥ፣ የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ሆነን።

ግን ይሄን ደብዳቤ ያስጀመረኝ ይሄ ብቻ አይደለም። 18 ዓመት ሞልቶኝ ልወጣ ስል ለቀበሌ መታወቂያ የሚሆን ደብዳቤ ያስፈልገኝ ነበርና አንዲት አዲስ የተቀጠረች ሶሻል ወርከር ፋይሌን አውጥታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ማህተም ልታስመታ ወጣች። እኔም አነበብኩት። ስለራሴ የተፃፈ ሳነብ የመጀመሪያዬ ነው። የገባሁበት ቀን አለ፣ የክትባት ካርድ አለ፣ የልጅነት ፎቶዬ አለ (እንደዛ ዓይነት ፎቶ መኖሩንም አላውቅም ነበር)፣ ከዛ የዝውውሩ ቅፅ አለ፣ እታች ላይ በጥሩ የእጅ ፅሁፍ እንዲህ ይላል፦ «ልጅቷ ስለ ዝውውሩ ተነግሯት ተስማምታለች።» ፊርማ አለው፣ ቀን አለው፣ ማህተም አለው።

እኔ እስካሁን የሚከነክነኝ መዛወሬ አይደለም፣ ያ መስመር ነው። ምክንያቱም ያን የፃፈው ሰው ልጅ መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል ማለት ነው፣ ቅፁ ላይም ቦታው አለ፣ ቦታውን ሞላው፣ እኔን ለመጠየቅ ግን ከቢሮው እስከ መኝታ ክፍላችን ያለችውን ሃምሳ እርምጃ አልተራመደም።

ህጉማ አለ እኮ። የህፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን ኢትዮጵያ የተቀበለችው በ1983 ዓ.ም. ነው፣ እኔ ሳልወለድ ማለት ነው። አንቀፅ 12 ላይ የራሱን ሃሳብ መመስረት የሚችል ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሁሉ ሃሳቡን በነፃነት የመናገር መብት አለው፣ ሃሳቡም እንደ እድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት ይሰጠዋል ይላል። የአፍሪካ የህፃናት ቻርተር ደሞ በ1982 ዓ.ም. የፀደቀው እዚሁ አዲስ አበባ ነው፣ አንቀፅ 4 ላይ በፍርድ ቤት ብቻ ሳይሆን በአስተዳደራዊ ጉዳይም ልጁ ይሰማ ይላል። ቢሮ ውስጥ በቅፅ የሚያልቅ ዝውውር አስተዳደራዊ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? የቤተሰብ ህጋችንም ጉዲፈቻ ሲሆን ዳኛው ከማፅደቁ በፊት የልጁን አስተያየት ከግምት ያስገባ ይላል። ይሄ ጥሩ ነው፣ ግን እኛ ማሳደጊያ ያደግነው አብዛኞቻችን ዳኛ ፊት ቀርበን አናውቅም፣ የኛ ህይወት የተወሰነው ኮሪደር ላይ ነው። ህገ መንግስቱም አንቀፅ 36 ላይ የመንግስትም የግልም በጎ አድራጎት ተቋም ሆነ ፍርድ ቤት የልጁን ጥቅምና ደህንነት እንዲያስቀድም ያዛል። እኔ የምለው፣ ጥቅሜ ምን እንደሆነ እኔን ሳትጠይቁ ከየት ታገኙታላችሁ? የኔ ጥቅም ሰፊ ክፍል ነው ብላችሁ አሰባችሁ፣ ለኔ ግን ጥቅሜ ማታ ማታ ብርድ ልብሱን የማለብሰው ልጅ ነበር። ይሄን ማንም ፋይል ላይ አልፃፈውም፣ ስላልጠየቃችሁኝ።

ስራው ላይ ያላችሁ ሰዎች ስትናገሩ እሰማለሁ፣ «ልጅ ምን ያውቃል»፣ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም»። እሺ፣ አባቶቻችን ይሄን ብለዋል። ግን ደሞ «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» ብለዋል እኮ። ከሁለት አንዱ ብስል ነው ማለት እኮ ትንሽ አይደለም። ብስሉን ከጥሬው የምትለዩት ሁለቱንም ከሰማችሁ በኋላ ነው እንጂ ቅርጫቱን ሳትከፍቱ ጥላችሁት አይደለም።

ሌላው የምሰማው ስጋት ደሞ «ልጁ እኮ የሚደበድበው አጎቱ ጋ ልመለስ ይላል፣ ጎዳና ልመለስ ይላል፣ እሺ ልንል ነው?» የሚለው ነው። አይ፣ እሺ አትበሉ። መጠየቅና መታዘዝ አንድ አይደሉም፣ ልጆችም ይሄን ልዩነት ከምታስቡት በላይ ያውቁታል። አጎቱ ጋ ልመለስ የሚል ልጅ «ለምን?» ሲባል ምናልባት እዛ ቤት ትንሽ እህቱ ቀርታ ይሆናል፣ ምናልባት የእናቱ መቃብር እዛ ሰፈር ይሆናል፣ ምናልባት እዚህ ማሳደጊያ ውስጥ ማታ የሚያስፈራው ትልቅ ልጅ ይኖራል። የመጨረሻዋ ደሞ ወዲያው መታወቅ ያለባት ናት። እምቢ ስትሉትም ቁጭ ብላችሁ «ያልከውን ሰምተናል፣ እንደዛ ያላደረግነው በዚህ በዚህ ምክንያት ነው፣ ከዚህ ወር በኋላ ደግመን እናየዋለን» በሉት። ያኔ ልጁ ቢናደድም ሰው መሆኑን ያውቃል። እኔ 10 ዓመቴ ላይ ዕቃ የሆንኩ ነው የመሰለኝ፣ ከፌስታሉ ጋር የተጫንኩ።

አደራ የሚለውን ቃላችንንም አስቡት እስኪ። ሰው አደራ ሲሰጥ ወርቅ ይሰጣል፣ እህል ይሰጣል፣ ተቀባዩ ደብቆ ጠብቆ ይመልሳል። ልጅ ግን አፍ ያለው አደራ ነው። ልትደብቁት አትችሉም፣ ይናገራል፣ ያድጋል፣ አንድ ቀን ፋይሉን ያነባል።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፣ ምክንያቱም እኔም አጥፍቻለሁ። ልጅቷ ቤቴ ስትመጣ የያዘችው ትንሽ ነገር ነው፣ ከዛ ውስጥ አንድ ቡኒ ሹራብ አለ፣ ክርኑ ላይ የተቀደደ፣ እጅጌው ያጠራት፣ የጭስ ሽታ ያለው። በሁለተኛው ሳምንት አዲስ ሹራብ ገዛሁላትና አሮጌውን ጣልኩት። ከትምህርት ቤት መጥታ ፈለገች፣ አልጋ ስር፣ ቁም ሳጥን፣ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ፣ ምንም አላለችኝም፣ ዝም ብላ ትፈልጋለች። ምን ጠፋሽ ስላት «ምንም» አለች። ማታ ስወጣ የውጪው ቆሻሻ መጣያ ጋ ቁጭ ብላ አገኘኋት፣ ከሽንኩርት ልጣጭ መሃል አውጥታ ይዛዋለች። አያቷ የገዛችላት ነው። ሽታው የአያቷ ማድ ቤት ነው።

እኔ ይሄን ሳይ ቆሜ ቀረሁ። እኔ፣ ያቺ ፌስታል የተሸከመችው ልጅ፣ ሳልጠይቅ ጣልኩ። ክፋት የለውም እኮ፣ አዲስ ገዝቼላታለሁ፣ ብርድ እንዳይነካት አስቤ ነው። እነዛ ሰዎችም ለኔ ሰፊ ክፍል አስበው ነበር። ከዛ ቀን በኋላ ቤታችን ውስጥ ልማድ አወጣን፣ እሁድ እሁድ ቡና ሳፈላ እሷ ፈንድሻዋን ይዛ ትቀመጣለች፣ የሚመጣው ሳምንት ምን አለ፣ ማን ይመጣል፣ የት እንሄዳለን፣ ምን ይቀየር እንላለን። መጀመሪያ ላይ ሁሉንም «እሺ» ነበር የምትለው። ማሳደጊያ የቆየ ልጅ እሺ ማለት ይችላል፣ ተለማምዶታል፣ እሺ ስላለ ግን ተስማማ ማለት አይደለም፣ ይሄን ሶሻል ወርከሮች እባካችሁ ያዙልኝ። ሁለት ወር ከፈጀ በኋላ ነው የመጀመሪያውን «አይ» ያለችው። ቤት ልቀይር አስቤ ነበር፣ የተሻለና ለስራዬ የቀረበ፣ እሷ ግን ትምህርት ቤት ከቀየርኩ ጓደኛዬን አጣለሁ አለች፣ አንድ ጓደኛ ናት ያለቻት። ሰፈራችንን ሳንለቅ ሌላ ቤት አገኘን፣ ትንሽ ጠበብ ይላል። እኔ አውቶቡስ ላይ ግማሽ ሰዓት እጨምራለሁ፣ እሷ ጓደኛዋን አላጣችም።

ከእናንተ የምፈልገውን በግልፅ ልናገር። ቅፁ ላይ ያለችውን «ተስማምቷል፣ ተስማምታለች» የምትለዋን መስመር አጥፏት። በሷ ቦታ ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ ተዉ፣ ልጁ ያለው ቃል በቃል ይፃፍ፣ መፃፍ የሚችል ራሱ ይፃፍ፣ አልፈልግም ካለ አልፈልግም ተብሎ ይፃፍ፣ ከስሩ ደሞ ቢሮው ምን እንደወሰነና ለምን እንደወሰነ። ያን ወረቀት ልጁ እንዲያየው ይደረግ። ይሄ በጀት አይጠይቅም፣ አንድ ገፅ ወረቀት ነው። መስማት የተሳነው ልጅ ከሆነ ምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ይምጣ፣ አማርኛ አፉን ያልፈታ ልጅ ከሆነ በራሱ ቋንቋ ይጠየቅ፣ የ4 ዓመት ልጅ ከሆነ ደሞ አብራችሁት ተጫወቱ፣ ከማን ጋር እንደሚተኛ፣ ማንን ሲያይ እንደሚደበቅ ታያላችሁ፣ እሱም መልስ ነው።

ጥየቃው አንዴ ተደርጎ የሚያልቅም አይደለም። የተባበሩት መንግስታት ከወላጆቻቸው ውጪ ስለሚያድጉ ልጆች በ2009 በፈረንጆቹ ባወጣው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ በጊዜያዊ እንክብካቤ ያለ ልጅ ሁኔታ ቢቻል ቢያንስ በየሦስት ወሩ ይታይ ይላል። እኔ 11 ዓመት ውስጥ አንድም ቀን «አሁንስ እንዴት ነው?» ተብዬ ቁጭ ብዬ አላውቅም። አንድ ሶሻል ወርከር ስንት ልጅ እንደሚይዝ አይቻለሁ፣ ጠረጴዛው ላይ የተቆለለውን ፋይል አይቻለሁ፣ ሰነፍ ናችሁ እያልኩ አይደለም። ለዛ ነው ሚኒስቴሩ ሰው ይጨምር የምለው፣ እስኪጨመር ድረስ ደሞ ከማሳደጊያው ውጪ የሆነ፣ ከኃላፊውም ደሞዝ የማይበላ አንድ ሰው ልጆቹ የሚያውቁት ስልክ ቁጥር ይኑረው። ልጅ በቤቱ ኃላፊ ላይ ያለውን ቅሬታ ለቤቱ ኃላፊ አይናገርም። ማን ይናገራል?

ስለ እህትና ወንድም ይሄው መመሪያ በግልፅ ነው የሚናገረው፣ አብረው መሆናቸው ለልጁ አደጋ ካለው ወይም ለጥቅሙ ሲባል ሌላ ምክንያት ካለ በስተቀር አይለያዩ ይላል፣ ከተለያዩም ግንኙነታቸው አይቋረጥ። ስኮትላንድ ውስጥ በማሳደጊያና በአደራ ቤተሰብ ስላሉ ልጆች ከ2017 እስከ 2020 በፈረንጆቹ ትልቅ ጥናት ተደርጎ ነበር፣ ከ5,500 በላይ ሰው ነው ያዳመጡት፣ ከዛ ውስጥ ከግማሽ በላዩ በዛ ህይወት ያለፉ ልጆች፣ ወጣቶችና አዋቂዎች፣ ቤተሰቦችም ናቸው። ልጆቹ ካነሷቸው ትላልቅ ጉዳዮች አንዱ ምን መሰላችሁ፣ ወንድምና እህቶቻችንን አትለዩብን። ከዛ በኋላ ህጉም ውስጥ ገባላቸው። ሀብታም ሀገር ስለሆነ ነው እንዳትሉኝ፣ ማዳመጥ ነው ያመጣው። እኛ ጋ ደሞ በ2010 ዓ.ም. የውጪ ጉዲፈቻ ከቀረ ወዲህ ልጆቻችን እዚሁ በሀገር ውስጥ ጉዲፈቻ፣ በአደራ ቤተሰብ፣ ከዘመድ ጋር በመቀላቀል ነው ቤት እንዲያገኙ የሚፈለገው። እኔ በጣም ደግፌዋለሁ፣ ለዛም ነው በሬን የከፈትኩት። ግን ልጁን የሚወስደው ሰው አበሻ ስለሆነ ብቻ ልጁ ተጠይቋል ማለት አይደለም። ቤተሰብ ሊረከብ ሲመጣ ልጆች ለብሰው ተሰልፈው «እቺ ትሁን፣ ያቺ ትሁን» የሚባልበት ነገር ካለ ይቅር። ልጅቷም ሰዎቹን ትያቸው፣ ቤታቸውን ትየው፣ አንድ ቀን ትዋል፣ ከዛ ምን እንደመሰላት ለብቻዋ ትጠየቅ፣ ሰዎቹ በሌሉበት።

18 ዓመት የሚሞላቸውን ደሞ እባካችሁ በ18ኛው ዓመት ዋዜማ አትንገሯቸው። እኔ የወጣሁት ፍራሽ፣ ብርድ ልብስና የሦስት ወር የቤት ኪራይ ተሰጥቶኝ ነው፣ ሙያው ተመርጦልኝ ነበር፣ ፀጉር ስራ፣ እኔ የሂሳብ ትምህርት ነበር የምወደው። ሁለት ዓመት ፈጅቶብኝ በማታ ትምህርት ወደምፈልገው ተመለስኩ። 16 ዓመቴ ላይ አንድ ሰው ቢጠይቀኝ ያ ሁለት ዓመት አይባክንም ነበር።

ፋይላችንንም ስጡን። ኦሪጅናሉ ይቀመጥ፣ ኮፒውን ስጡን። ፎቶዬን ያየሁት በድንገት ነው፣ ማህተም እስኪመታ ድረስ ባለችው አስር ደቂቃ ውስጥ፣ ከዛ ፋይሉ ተዘጋ። እናቴ አጠገቤ የቆመችበት ብቸኛ ፎቶ እዛ ነው ያለው። ኋላ ተመልሼ ሄጄ ስጠይቅ ቤቱ ተዘግቷል፣ ፋይሎቹ የት እንደሄዱ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ይሄን ደብዳቤ ከመልቀቄ በፊት ለልጅቷ አነበብኩላት፣ ስለሷም ስላለበት። ፈንድሻዋን እየበላች ሰማችኝ። ስለ እናቷ የፃፍኳትን ሁለት መስመር «እሱን አውጪው» አለችኝ፣ አወጣሁት። ሹራቡን ቀይ ብዬ ነበር የፃፍኩት፣ «ቡኒ ነው» አለችኝ፣ አስተካከልኩት። ሌላ የምትጨምሪው አለ ወይ አልኳት፣ ቆየች፣ ከዛ ይሄን ፃፊላቸው አለችኝ፦ «ሲመጡ ከኔ በላይ እርስ በርስ አያውሩ። መኪና ውስጥ ስንገባ ደሞ የት እንደምንሄድ መጀመሪያ ይንገሩን።»

ከአክብሮት ጋር
ማሳደጊያ ያደገች፣ አሁን የአደራ እናት
አዲስ አበባ